ወረታ ላይ ላገኘነው መካኒክ ከልብ የመነጨ ምስጋና

በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል በመኪና የምትመላለሱ ሁሉ ይህችን ጽሁፍ ሳታነቡ አትለፉ። ወረታ ከተማ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ። ስሙን ልጽፍ ብዬ ፈቃዱን ስጠይቀው «የእጄን ከፍላችሁኛል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ቦታውን ብቻ ልንገራችሁ፦ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው አካባቢ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጋራዥ ነው። ደጃፉ ላይ ትልቅ ዋንዛ አለ።

መኪናችን ሙቀት ማብዛት ከጀመረች ቆይታለች። ባሕር ዳር ላይ ደጁን ያልረገጥነው ጋራዥ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስማቸውን አላነሳም፤ እግዚአብሔር ይይላቸው። አንዱ «ሞተሩ ይውረድ» አለ፤ አወረደ፣ ሰቀለ፣ ገንዘባችንን ተቀበለ፤ መኪናዋ ግን በሳምንቱ እንደ ልማዷ ፈላች። ሌላው እቃ ቀየርኩ አለ፤ አሮጌውን አሳየን ብንለው «ተጥሏል» አለን። የት ተጣለ? መልስ የለም። እኔ ደፍሬ ስጠይቅማ ፊቱን ወደ ባለቤቴ አዙሮ «ለእሳቸው ይህ ነገር አይገባቸውም» አለ። መኪናዋ የተገዛችው በእኔ እቁብ መሆኑን ማን በነገረው!

እህቴ ጎንደር ላይ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስለነበር እናቴንና ልጆቹን ይዘን ተነሣን። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ቀስ እያልን እንደርሳለን ብለን ነበር። የጉማራን ድልድይ እንደተሻገርን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መጠጋት ጀመረ፤ ወረታ ስንገባ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ጊዜው ቀትር ነው፤ የፎገራ ሜዳን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ ደግሞ የደም ግፊት አለባት።

ልጁ ከጋራዡ ሲወጣ ወደ ኮፈኑ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስታራግብ አየና «እናታችን፣ መጀመሪያ እርስዎ ይውረዱ፤ እርስዎም መኪናዋም ትንሽ መብረድ አለባችሁ» አላት። እጁ በግራሶ የተለወሰ ስለነበር ነጠላዋን እንዳያቆሽሽ ክንዱን አጥፎ በክርኑ ደግፎ አወረዳት። ወንበር ከዋንዛው ጥላ ሥር አስቀመጠላት፤ ውሃም አስመጣላት። በዚያን ሰዓት ገና ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ለዚያች ክርን ብቻ ብከፍል አይቆጨኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ «ገብቶኛል» ይላል፤ ሲያስረዳ ግን አልሰማሁትም። እኔ ያየሁት ሞተሩ እስኪበርድ ሳይቸኩል መጠበቁን፣ አንዱን ቱቦ በመዳፉ፣ ሌላውን በጆሮው መመርመሩን ነው። በመጨረሻ ከሲኒ አፍ የማትበልጥ የዛገች ነገር ፈትቶ አወጣና ለባለቤቴ ሳይሆን ለእኔ አሳየኝ። «ይመልከቱ እህቴ፤ ሲያስቸግራችሁ የከረመው ይህ ነው።» አዲሱን እቃ ከነደረሰኙ አስመጣልን። ለእጁ የጠየቀው ዋጋ ባሕር ዳር ላይ ለምርመራ ብቻ ከከፈልነው ያነሰ ነው።

እስኪያልቅ ድረስ ጎረቤት ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ በላን። እናቴ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ «እንጀራው ሩዝ አለበት» አለች፤ እውነትም ከጤፉ ጋር የፎገራ ሩዝ ተቀላቅሎበታል። ልስላሴውን ወዳዋለች፤ ቤት ስንመለስ እኔም እንድሞክረው ታዝዣለሁ።

ልንሄድ ስንል ልጁ «ቆዩ፣ እስከ ርብ ድልድይ አብሬያችሁ ልሂድ» ብሎ ኋላ ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ተቀመጠ። ዓይኑን ከመርፌው ላይ ሳይነቅል ድልድዩ ድረስ ሸኘን፤ ከዚያ ወርዶ በባጃጅ ተመለሰ። የባጃጁን እንክፈል ብንለው አሻፈረኝ አለ። ማታ ጎንደር ገብተን እናቴ የልጅ ልጇን ታቅፋ ሳለች ስልክ ደወለ። «ዳገቱን እንዴት ወጣችሁት? እናታችንስ ደህና ገቡ?» ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት መርፌዋ ንቅንቅ ሳትል ወጥተነዋል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ እየመረቀችው ጊዜው እንዴት እንደሄደ እንጃ፤ የሞባይል ሂሳቡ የእሱ መሆኑን እንኳ አላሰበችም።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ቢያስቸግራችሁ ወረታ ሂዱ፤ ባያስቸግራችሁም ከዳገቱ በፊት ጎራ ብላችሁ አስፈትሹ። እኛ ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ እሱ መሄዱን ልማድ አድርገነዋል። አሮጌውን እቃ ሳትጠይቁት ያሳያችኋል። እሁድ ግን አይሠራም፤ በከንቱ እንዳትመላለሱ።