አምፕሊፋየሬን ጸጥ ላሰኙልኝ መሐንዲስ

ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን የአምፕሊፋየር ጫጫታ (ምልክቱን የሚያደበዝዝ የማይፈለግ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ) በአንድ ከሰዓት በኋላ ከነምንጩ ያሳዩኝን የሰርኪዩት ዲዛይን አማካሪ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ያሳፍረኛል።

የምሠራው ከአንድ ሴንሰር የሚወጣን እጅግ ደካማ ምልክት የሚያጎላ ሰርኪዩት ነው። የሴንሰሩ የውስጥ ሬዚስታንስ 100 ኪሎኦም ነው። ቺፕ ስመርጥ ዳታሺት (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) ከዳታሺት አስተያይቼ የቮልቴጅ ጫጫታው በጣም ዝቅተኛ የሆነውን ኤልቲ1028 ወሰድሁ፤ በ1 ሄርዝ የድግግሞሽ ስፋት 0.85 ናኖቮልት (የቮልት ቢሊዮንኛ) ብቻ! ሰርኪዩቱ ሲበራ ግን በኦሲሎስኮፑ (ቮልቴጅን በመስመር ስሎ በሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ቀጭን መሆን የነበረበት መስመር እንደ ተባዘተ ጥጥ አብጦ ታየ። ሽቦ ቀየርሁ፣ በባትሪ ሞከርሁ፣ በብረት ሣጥን ሸፈንሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

እሳቸው የብየዳ ካውያ እንኳን አላነሡም። የአምፕሊፋየሩን መግቢያ በአጭር ሽቦ ከግራውንድ (ከሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት ነጥብ) ጋር አገናኙት፤ መስመሩ ወዲያው ቀጠነ። ሽቦውን ነቅለው በቦታው 100 ኪሎኦም የሜታል ፊልም ሬዚስተር ሰኩ፤ ሴንሰሩ በሌለበት ጫጫታው ተመለሰ። "ቺፑ ጤነኛ ነው፤ ያጋባኸው ግን ከማይስማማው ጋር ነው" አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ስበው አሰሉልኝ። ቺፑ በዚያው የ1 ሄርዝ ስፋት 1 ፒኮአምፒር የከረንት ጫጫታ (በመግቢያው በኩል የሚፈስ የከረንት መዋዠቅ) አለው፤ ይህ በ100 ኪሎኦም ውስጥ ሲያልፍ 100 ናኖቮልት ይሆናል። ሬዚስተሩ ራሱ በክፍል ሙቀት 40 ናኖቮልት ያመነጫል። እኔ የተመካሁበት 0.85 ከእነዚህ አጠገብ ከቁጥርም አይገባም።

የመረጡልኝ ኦፒኤ134 የቮልቴጅ ጫጫታው 8 ናኖቮልት ነው፤ ከቀድሞው አሥር እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዞር ብዬም አላየውም ነበር። መግቢያው ግን ጄፌት (ከረንት እጅግም የማይስብ የትራንዚስተር ዓይነት) በመሆኑ የከረንት ጫጫታው በፌምቶአምፒር (የፒኮአምፒር ሺኛ) የሚቆጠር ነው። በዚያው ሶኬት ላይ ተካነው። ጫጫታዎች የሚደመሩት በየካሬያቸው ስለሆነ፣ በስሌት ጠቅላላው ከ108 ወደ 41 ናኖቮልት ወረደ፤ የቀረውም ከሞላ ጎደል የሴንሰሩ የራሱ ነው። መስመሩ ሲቀጥን በዓይኔ አየሁት፤ ደስታዬን ልገልጸው አልችልም።

ይበልጥ ያከበርኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። በጋለ ስሜት የፊድባኩንም ሬዚስተሮች (ከመውጫው ወደ መግቢያው መልሰው የማጉላቱን መጠን የሚወስኑትን) ልቀይር ስነሣ ከለከሉኝ። ከእነሱ ወደ ግራውንድ የሚወርደው የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር የሚጨምረው 4 ናኖቮልት ብቻ በመሆኑ ከሴንሰሩ 40 ናኖቮልት ጋር ሲደመር ለውጡ አይታይም። ሥራ ለማብዛት አልፈለጉም። የቀድሞውን ቺፕም እንዳልጥል መከሩኝ፤ ምንጩ ጥቂት መቶ ኦም በሆነ ቀን ብርቱ መሣሪያ ይሆናል።

ደካማ ምልክት የሚያጎላ ሰርኪዩት ይዞ የተቸገረ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። የሰርኪዩቱን ንድፍ፣ የምንጩን ሬዚስታንስና የሚፈለገውን የድግግሞሽ ስፋት አዘጋጅቶ ይምጣ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እነዚህን ሦስቱን ነው።