በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በታንኳ ለመራን የድሬ ልጅ ምስጋናና ጥቆማ

ባሳለፍነው ታኅሣሥ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ተጉዘን፣ ጎሕ ከቀደደበት ሰዓት እስከ ማምሻው ድረስ በባሕር ላይ በታንኳ ለመራን ወንድማችን በቤተሰቤ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ተወልዶ ያደገው በድሬዳዋ ቀፊራ ሰፈር ሲሆን፣ ሙያውን የተማረው እዚያው ጅቡቲ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በመሥራት ነው።

የወሰደን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ወደሚገኘውና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደከበበው የጉቤት አል-ኸራብ ወሽመጥ ነው። ከወሽመጡ ባሻገር በ1978 እ.ኤ.አ. የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ፣ ከእርሱም አልፎ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳል ሐይቅ ይገኛሉ። ወሽመጡ ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚገናኘው በጠባብ ሰርጥ ብቻ ስለሆነ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በዚያ የሚያልፈው ውሃ እንደ ድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ይገፋል።

ይህን ሰው በአደባባይ እንዳመሰግን ያደረገኝም በዚሁ ሰርጥ ላይ የወሰደው ውሳኔ ነው። ታላቅ እህቴ በዚህ ወቅት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡትን ግዙፍና ሰው የማይተናኮሉ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ለማየት እጅግ ጓጉታ ነበር። እርሱ ግን ቀደም ብሎ በውሃው ጠርዝ ላይ ያስቀመጠውን ድንጋይ ተመልክቶ፣ ውሃው ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ያህል መሸሹን አሳያትና «እትዬ፣ ባሕሩ እየጎደለ ስለሆነ መውጣቱ ቀላል ነው፤ መመለሱን ግን ክንዳችን አይችለውም» አላት። ደንበኛን ለማስደሰት ሲል እሺ ማለት ይችል ነበር፤ ያላደረገው መዋኘት የማይችል ሰው አሳፍሮ ስለነበር ነው። ከዚያ ይልቅ ከገደሉ ሥር ዳር ዳሩን እየቀዘፈ፣ በወሽመጡ መካከል የቆመችውን የእሳተ ገሞራ ደሴት ከሩቅ እያሳየ፣ እህቴንም መቅዘፊያ አያያዝ በትዕግሥት እያስተማራት አዋለን።

ከመነሳታችን በፊት የእያንዳንዳችንን የመንሳፈፊያ ጃኬት ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ እየሳበ ይፈትሽ ነበር፤ የእናቴ ወደ ጆሮዋ ከፍ ሲልባት ፈትቶ እንደገና አጠበቀላት። ዋጋውንም አስቀድሞ ተናግሮ እስከ መጨረሻው በቃሉ ጸንቷል።

የበጋው ሙቀት በዚያ አገር ከግንቦት ጀምሮ ስለሚከብድ፣ ለመሄድ የምታስቡ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብታደርጉት ይመረጣል። ፓስፖርትና ሰፊ ባርኔጣ አይዘንጋችሁ። ስልኩን ለምትፈልጉ፣ እርሱን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።