ጋዝ ወይስ ናፍጣ? አሮጌ ትራክተር ለወሎ እርሻ

የእህቴ ልጅ ከቆቦ ደወለልኝ። አሜሪካ ያለ ዘመዳቸው ጆን ዲር 4020 የሚባል አሮጌ ትራክተር ሊገዛላቸው አስቧል። ሁለት አግኝቷል፤ አንዱ የናፍጣ፣ አንዱ የጋዝ። የጋዙ ዋጋ በጣም ይረክሳል። "አጎቴ፣ አንቱ ምን ይላሉ? ሞተሩ ንጹሕ ነው አሉ። ጋዙም ያው እናቴ ወጥ የምትሠራበት ነው" አለኝ።

ስልክ ላይ "የናፍጣውን ያዝ" ብዬው ዘጋሁ። ይህን ያህል ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ግን ይህች መልስ አትበቃም። ምክንያቱን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ሌላም የሚያስብ አይጠፋም።

ጋዝ ስል ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ማለቴ አይደለም። በሲሊንደር የሚሸጠውን፣ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ የጋዝ ትራክተር መሥራት የጀመረው ሚኒያፖሊስ ሞሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941። ጋዙ እዚያ ርካሽ ስለነበር ጆን ዲርም፣ ኢንተርናሽናልም፣ ኬዝም፣ ኦሊቨርም ተከተሉ። 4020 ከ1963 እስከ 1972 ሲመረት ገዢው ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ጋዝ መምረጥ ይችል ነበር። በኋላ ናፍጣ አሸነፈ። ዛሬ የጋዙ የሚረክሰው ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አርሶ የሚበላበት ፈላጊ ስላነሰ ነው።

በጉልበት ሁለቱ አይበላለጡም። ሁለቱም ከኋላ ባለው፣ ሌላ መሣሪያ በሚያዞረው ዘንግ ላይ ወደ 90 ፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። የናፍጣው ሞተር 6.6 ሊትር ነው፣ የጋዙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 5.6 ሊትር ነበር። ከፍታ ሁለቱንም እኩል ይጎዳቸዋል። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ አካባቢ ይደክማል። ስለዚህ ቆቦ ሜዳ ላይ 90 የተባለው ወደ 77 ይወርዳል። ጃማና ወረኢሉ ደጋ ወጥቶ ዋልካ ሲያርስ ደግሞ 70 እንኳ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

ልዩነቱ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። አንድ ሊትር ጋዝ የሚይዘው ኃይል ከናፍጣ በጣም ያንሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ የሚሠራውን ለመሥራት ከአንድ ተኩል ሊትር በላይ ጋዝ ይፈጃል። 4020 ማረሻውን ጥልቅ አስገብቶ በሙሉ ጉልበት ሲጎትት በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ ጋዝ ይጠጣል። እቤት ያለችው የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር በሊትር ብትለካ ወደ 25 ነች። እናቱ ለሳምንታት የምትቆጥባት ሲሊንደር አንድ ሰዓት አታሳርስም ማለት ነው። በኋላ ደውዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ።

ደግሞ ሲሊንደሩ እንዳለ አይገጠምም። የምድጃ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሰጠው ተንኖ የወጣውን ጋዝ ነው። ትራክተሩ የሚፈልገው ከታንከሩ ሥር ፈሳሹን ነው። ፈሳሹ በሞተሩ ሙቅ ውኃ በሚሞቅ ዕቃ ውስጥ አልፎ ይተንና ወደ ካርቡራተሩ ይገባል። ታንከሩ የሚሞላው ለዚህ በተሠራ ፓምፕና ቱቦ ነው፤ ከ80 በመቶም አይበልጥም፤ ሙቀት ሲመጣ ፈሳሹ ይለጠጣልና ቦታ ያስፈልገዋል። ሲሊንደር ገልብጦ በላስቲክ ቱቦ ልቀዳ የሚል ጎበዝ አይጠፋም። እባካችሁ፣ በልጆቻችሁ ይሁንባችሁ፣ እንዳትሞክሩት።

ብርድም አለ። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ቡቴን ግን ዜሮ ላይ ሲደርስ ያቆማል።  ቡቴን የበዛበት ድብልቅ ተሞልቶ ደላንታ ላይ ውርጭ በወረደበት ጠዋት ላስነሳው ቢሉ ሞተሩ አልነሳም ይላል። ቆላ ላይ ይህ ችግር የለም።

የጋዙን መልካም ነገርም ልንገራችሁ፤ እውነት ነውና። የጋዝ ሞተር ያደረ ዘይት አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ መለኪያውን መዛችሁ በጨርቅ ስትጠርጉት ጨርቁ ላይ የሚቀረው ማር የመሰለ ነው። የናፍጣው ዘይት በተቀየረ ማግስት ጠቁሮ ያገኛችኋል። ጋዝ ጥላሸት አያበዛም፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበትን ግድግዳ ዘይትም አያጥብም። ስለዚህ ፒስቶኑና ቀለበቱ ረጅም ዕድሜ አላቸው። ውድ የናፍጣ ፓምፕ የለም፣ ኢንጄክተር የለም፤ ካንዴላ ነው ያለው። እኛ አገር በጀሪካን ከሰው እጅ የሚገዛ ናፍጣ ውኃና አቧራ ይዞ ገብቶ ስንቱን ፓምፕ እንደበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ በጎማ ቱቦ ተስቦ የሚሰረቀውም ናፍጣው ነው። በዚህ በኩል ጋዙ ይበልጣል፤ አልክድም።

ግን ሲበላሽ ማን ይነካዋል? ኮምቦልቻና ደሴ የናፍጣ ሞተር እጁ ላይ ያደገ መካኒክ ሞልቷል። ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ያለውን ፐርኪንስ ሞተር፣ የደርግ ጊዜውን ቤላሩስ ትራክተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የጋዙን መቆጣጠሪያ ከፍቶ ላስቲኩን የሚቀይር ግን እኔ አላጋጠመኝም። ከዚያም በላይ የሚያስፈራኝ የጋራዡ ጉድጓድ ነው። ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ከፈሰሰ ወደ ላይ አይበንም፤ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። አንድ ልጅ ከሥር ሆኖ ሲፈታ ሌላው ከላይ በያጅ ቢለኩስ ምን እንደሚመጣ መንገር አያሻም። በር ተዘግቶበት በሚያድር መጋዘንም ያው ነው። ናፍጣ በዚህ አይታማም።

ስለዚህ በአንድ ዓይነት ትራክተር መካከል የምትመርጡ ከሆነ የናፍጣውን ውሰዱ፤ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ቢሆንም። የጋዙን የምመክረው እንደ ቅርስ አስቀምጦ በበዓል አስነስቶ ለሚያየው ሰው ነው።

የናፍጣውም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቀደም ያሉት የናፍጣ 4020ዎች በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ናቸው፤ ወደ 1969 ገደማ ነው 12 የሆኑት። የ24ቱ ሞተሪኖ ቢቃጠል መለዋወጫው ያስለቅሳል፤ ወደ 12 የተቀየረ ከተገኘ እሰየው። ካምቢዮውም ሁለት ዓይነት ነው። ሲንክሮ ሬንጅ የሚባለው በፍሪሲዮን የሚሠራ ተራ ካምቢዮ ነው። ፓወር ሺፍት ደግሞ በዘይት ግፊት ይቀይራል፤ ለነጂው ምቹ ነው፣ ሲያረጅ ግን የአገራችንን መካኒክ ያሰቃያል።

ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙው ገበሬ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ማሲ ፈርጉሰን 135 ከ1964 ጀምሮ የተመረተች፣ ባለ ሦስት ፒስቶን ፐርኪንስ፣ ወደ 45 ፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር ነች። ሁለት ጥማድ መሬት ላይ 4020 መዞሪያ ያጣል፤ እሷ ታጥፋ ትወጣለች። ለሰፊው የቆቦ ሜዳ፣ ለጎረቤትም እያከራዩ ለማረስ ግን ትደክማለች። የእህቴ ልጅ ያሰበው ኪራዩን ስለሆነ ትልቁን አልከለከልኩትም።

ጉምሩኩን ዕቃው ሳይጫን አስቀድሞ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። ዘመዱ ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ ሲያስነሳው ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክም ጠይቀናል፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቀው አደራ ብለን። ጭሱ ነጭ ሆኖ ቶሎ ከጠራ ደህና ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ዘይት ይበላልና ይቅርብን። የካምቢዮውም ፎቶ ገና አልመጣም። ሲንክሮ ሬንጅ ከሆነ ይግዛ ብያለሁ።