«ፎርሙ ቫሊዴሽን አለው» ሲሏችሁ ቀሪውን ክፍያ ያዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ ሱቅ፣ ፔንሲዮን ወይም ወርክሾፕ ላላችሁና «ዌብሳይት ላሠራ» እያላችሁ ለምታስቡ ነው። እኔ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። የሠራልኝን ልጅ ስም አልጠራም። ስሙን ባጠፋ ብሬ አይመለስም፤ ደግሞ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

አባቴ በርጩማ ይሠራል። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ይፈልጉታል፣ ውጭ ያሉትም ይጠይቃሉ። ግን ለአንድ በርጩማ ብሎ 350 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ የማዘዣ ፎርም ያለው ዌብሳይት አሠራን። በ24 ሺህ ብር ተስማማን፤ ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ርክክብ ላይ። ልጁ ውሉ ላይ «ፎርሙ ሙሉ ቫሊዴሽን አለው» ብሎ ጻፈ። የተሳሳተ ነገር ከተሞላ ይናገራል ማለት ነው። ጥሩ አልኩ። መቼ እንደሚናገር መጠየቅ ግን በሕልሜም አልመጣልኝም።

በርክክቡ ቀን ላፕቶፑን ከፍቶ እፊቴ ሞላው። ስም፣ ስልክ፣ ከተማ፣ ብዛት። ኮሽ ሳይል አለፈ። አረንጓዴ ምልክት መጣ፣ ደስ አለን፣ ቀሪውን 12 ሺህ እዚያው ላክሁለት። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። በትክክል ሲሞሉትማ የማይታዘዝ ፎርም የለም።

ሁለት ሳምንት አንድም ትእዛዝ አልመጣም። ከዚያ አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገራችሁ ይቆጣል እኮ» አሉኝ።

«ምን አለዎት እማማ?»

«ስልክ ሙሉ ይላል። ገና ዜሮን ስነካ በቀይ ‹ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ያስገቡ› ይለኛል። እያስገባሁ አይደለም እንዴ? አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ፣ ያው ነው። እኔ ነኝ ያላወቅሁበት ብዬ ተውኩት።»

በራሴ ስልክ ከፈትኩት። ምንም ሳልነካ ሳጥኖቹ ሁሉ ዙሪያቸውን ቀይ ናቸው። ሰው ቤት ሳይገባ ደጃፍ ላይ እንደመስደብ። ስም የሚለው ውስጥ «ሙ» ብዬ ስጽፍ «ስም ቢያንስ 3 ፊደል መሆን አለበት» አለኝ። ጨርሼ «ሙሳ» ብልም አልተወኝም። ሙሳ በኛ ፊደል ሁለት ነው። ሳራም ሁለት ነው። ጅማ ውስጥ ስንት ሙሳ እንዳለ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ያ ደንብ ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ ልጁ ከሆነ ቦታ ገልብጦ ለጥፎታል።

ለአባቴ ሳሳየው ሳቀ። «ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሄደህ፣ ሺህ ብር ልትከፍል የመጀመሪያዋን መቶ ስትቆጥር ‹ጎደለ!› ብሎ የሚጮህብህ ነጋዴ ማለት ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም።

ልጁን ደወልኩለት። አስተካክለዋለሁ አለ፣ ግን «ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ» 4 ሺህ ጠየቀ። ከፈልኩ። (አትሳቁ።) አስተካከለው የተባለው ምን ሆነ መሰላችሁ? አሁን ፎርሙ ጭራሽ ዝም ይላል። እስከ መጨረሻው ቢሳሳቱ ትንፍሽ አይልም። «ላክ» የሚለውን ሲጫኑ ገጹ ተመልሶ ይከፈታል፣ ከላይ «ስህተት አለ» የሚል አንድ መስመር፣ ከታች ባዶ ሳጥኖች። የቱ ጋ እንደተሳሳቱ አይናገርም። የሞላችሁት ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል።

ይህን ያወቅሁት ለሠርግ ስድስት በርጩማ ሊያዝዝ ከፈለገ ሰው ነው። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ጫፉ ላይ የሚቀረጸውን ሁሉ በስልኩ በአማርኛ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። ላከው፣ ጠፋ። ደግሞ ጻፈው፣ ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛ አልሞከረም። ጥፋቱ ምን ነበር? ስልክ ቁጥሩን ስንጽፍ ሁላችንም እንደምናደርገው በክፍት ቦታ ከፋፍሎ ጽፎታል። በቃ። ክፍት ቦታውን ኮምፒውተሩ ራሱ ቢያወጣው ምን ነበረበት?

ቂጦ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ቡና እየጠጣን ከፍቶ አሳየኝ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ቀይ የነበረው በአንዲት ቃል ነው። ሲኤስኤስ ውስጥ፣ ማለትም የገጹ መልክና ቀለም በሚጻፍበት ቋንቋ፣ «ኢንቫሊድ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የግድ መሞላት ያለበት ሳጥን ባዶ ከሆነ ገጹ እንደተከፈተ ወዲያው «ስህተት» ይለዋል። «ዩዘር ኢንቫሊድ» የሚባለው ደግሞ ሰውዬው ነክቶ እስኪጨርስ ይታገሳል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በክሮምም፣ በፋየርፎክስም፣ በሳፋሪም ይሠራል። በዚች ቃል ነው እንግዲህ ፎርሙ እማማን የተቆጣቸው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሉክ ሮብሌውስኪ የሚባል ዲዛይነር 22 ሰዎችን ፎርም አስሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ሳጥኑን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ሲነገራቸው፣ እየጻፉ ሳሉ ከሚነገራቸው ይልቅ ከ7 እስከ 10 ሰከንድ ፈጥነው ጨረሱ። የእንግሊዝ መንግሥት የዲዛይን መመሪያ ደግሞ ይብስ ብሎ ሰውዬው ወደ ቀጣዩ ገጽ ለመሄድ ሲጫን ብቻ ተናገሩ ይላል። እኔ ከሳጥኑ ሲወጡ መናገሩ ይሻለኛል፤ ስልክ ላይ ወደ ላይ ተመልሶ ስህተት መፈለግ ያደክማል። ግን ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ የተጻፈው እስካልጠፋና ስህተቱ ያለበት ቦታ እስከተነገረ ድረስ። እየጻፉ ሳሉ መናገር የሚያምረው የይለፍ ቃል ሲመርጡ ነው፣ «አሁን በቃ፣ ጠንካራ ነው» ለማለት።

እንግዲህ የመጨረሻውን ብር ከመላካችሁ በፊት ላፕቶፑን ተዉትና በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት። ምንም ሳትነኩ ቀይ ካለ እዚያው ላይ አቁሙ። ከዚያ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። ስልክ ላይ አንድ ቁጥር አጉድላችሁ ወደሚቀጥለው ሳጥን እለፉ፤ ሊናገር የሚገባው ያኔ ነው። ተመልሳችሁ የጎደለችውን ስትጨምሩ ቀዩ ወዲያው መጥፋት አለበት፣ ሌላ ቦታ እስክትነኩ መጠበቅ የለበትም። ባዶ ሳጥን ነክታችሁ ብትወጡ ግን ዝም ይበል፤ ሰው ወደ ኋላ ሊመለስበት ይችላል። በ09 ሞክሩ፣ በ07 ሞክሩ፣ +251 ብላችሁ ዜሮዋን ጥላችሁ ሞክሩ፣ ክፍት ቦታ ጨምሩበት። ሙሳ በሉት። በመጨረሻ አንዱን አበላሽታችሁ «ላክ» በሉ። ሌላው የሞላችሁት ካለበት ንቅንቅ ካለ አትክፈሉ። መልእክቱንም አንብቡት። ቀይ ቀለም ብቻውን አይበቃም፣ ቀለም የማይለዩ ሰዎች አሉ። «ስልኩ 10 አሃዝ ይሁን» ማለትና «ስህተት አለ» ማለት አንድ አይደለም።

ውሉ ላይም «ቫሊዴሽን አለው» ብቻ ተብሎ አይታለፍ። መቼ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚል፣ የተጻፈው እንደማይጠፋ ይጻፍ። እኔ ይህ ስላልነበረኝ ልጁ «ቫሊዴሽን አለው ብዬ ነበር፣ አለው» ብሎኝ ዝም አስብሎኛል። በወረቀቱ ልክ ነው።

አሁን ፎርሙን ዘግተን በቴሌግራም ነው የምንቀበለው። የሠርጉን ሰውዬ ራሴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ዝርዝሩን በድምፅ ላከልኝ። አባቴ አራተኛው በርጩማ ላይ ደርሷል።