ራቭ ፎሯን ልስጥ ወይስ ልያዝ? ከአይዲ ፎርና ከሶንግ ፕላስ ጎን አቁመን ስናያት

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ «ራቭ ፎሯን አምጣና በኤሌክትሪክ እንቀይርልህ፣ ጭማሪው ቀላል ነው» አለኝ። ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞር ሰው ነበር። ያረጀ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣል። እናቴ ሳህኑን ስትቀበል ደስ ይላታል። ክረምት ሲገባ ግን የአባቴን ካፖርት ትፈልገዋለች። የደላላው ድምፅ ያን ሰውዬ አስታወሰኝ።

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ራቭ ፎር፣ ቪታራ ወይም ቱሳን የያዘ ብዙ ሰው ይህን ስልክ ያውቀዋል። ስለዚህ ሦስት መኪና ጎን ለጎን እናቁም፦ የእኔን የ2007 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር፣ የቮልስዋገኑን ኤሌክትሪክ አይዲ ፎርን እና የቢዋይዲ ሶንግ ፕላስን፣ ኤሌክትሪኩን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በገበያው ላይ ያለችው ራቭ ፎር እዚሁ ያለችው ናት። ዛሬ ሰጥታችኋት ነገ ቢቆጫችሁ፣ የምታገኙት ሌላ ሰው ሲነዳት የኖረውን፣ ምናልባትም ከራሳችሁ የባሰችውን ነው። ቤንዚን በቤንዚን ስለመቀየርም የሚጠይቁኝ አሉ። ራቭ ፎርን በቱሳን መለወጥ ለእኔ የደላላ ኮሚሽን ከመክፈል ያለፈ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የእኔዋ ከተማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 11 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም ጨምሯል። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 1,100 ብር ይመጣል። ሁለቱ ኤሌክትሪኮች ለዚያው መንገድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 19 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው የመብራት መለኪያ) ያህል ይበቃቸዋል። ለስሌት እንዲመች አንዱን 10 ብር ነው እንበል፤ እናንተ የራሳችሁን ቢል አውጥታችሁ ትክክለኛውን አስገቡ። 190 ብር ሆነ። ልዩነቱ 900 ብር አካባቢ ነው።

ደላላው እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን እንቀጥል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በዓመት የሚያተርፈው 108,000 ብር ገደማ ነው። የተጠየቀው ጭማሪ 1.5 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ በነዳጅ ብቻ ለመመለስ ወደ 14 ዓመት ይፈጃል። በወር 2,500 ኪሎ ሜትር ለሚነዳው፣ ለምሳሌ የራይድ ሥራ ለሚሠራው፣ ከ6 ዓመት በታች ይወርዳል። የዘይትና የካንዴላ ወጪ መቅረቱን፣ ማደያ ተሰልፎ መዋል መቅረቱንም ጨምሩበት። ያም ሆኖ ቢሮና ቤት ብቻ ለሚመላለስ ሰው «ነዳጅ ልቆጥብ» የሚለው ምክንያት ለብቻው አይቆምም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት ከማርካው ሁሉ የሚበልጠው፣ ይህ ነው፦ መኪናዋ የምታድረው የት ነው?

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚስበው። በዚያ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይወስዳል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 7 ኪሎዋቱ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ግን 7 ኪሎዋት ማለት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ እንደማደር ነው። የቤታችሁ ሽቦ ይችላል? ቆጣሪው ይችላል? ከተከራይ ጋር የምትጋሩት ቆጣሪ ከሆነስ? አንድ ጎረቤቴ ይህን ሳያስብ ገዛ። አሁን ቻርጀሩ ከተሰካ በቤቱ እንጀራ መጋገር ክልክል ነው። ባለቤቱ መኪናውን «ጣውንቴ» ትለዋለች።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ 4ኛ ፎቅ ነኝ። ከመስኮት ማራዘሚያ ገመድ ጥለው የሚሞክሩ አይቻለሁ፤ እባካችሁ ይቅርባችሁ። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎች አሉ፣ ግን ወረፋ ካለ ከማደያው ሰልፍ ወደ ቻርጀር ሰልፍ መዛወር ብቻ ነው የሚሆነው።

ከከተማ ስትወጡስ? አንድ ወዳጄ አይዲ ፎሩን አውሶኝ አዳማ ደርሼ መጣሁ። በፈጣን መንገዱ ስወርድ ከባትሪው 18 በመቶ ብቻ ሄደ። ደስ አለኝ። ስመለስ 29 በመቶ በላብኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሁለት ቶን ያለፈ መኪና ያንን ሁሉ ሽቅብ መሸከም አለበት። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ ጥቂት ይመልሳል፣ ዳገቱ ግን ከመለሰው በላይ ይወስዳል። ይህንኑ ወደ ዓባይ በረሃ አስቡት። ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ደጀን ለመውጣት ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት አለ። ባሕር ዳር ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብሮሹሩ ላይ ያለው «500 ምናምን ኪሎ ሜትር» እዚህ መንገድ ላይ አይሠራም፤ ሲሶውን ቀንሳችሁ አስቡት። በዓመት ሦስት አራቴ ጎጃም ወይም ወሎ ቤተሰብ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ራቭ ፎሯን ያዙ። ጀሪካን ቤንዚን የማይገኝበት ከተማ ብዙ የለም።

በሌላ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ ራሱ ኤሌክትሪኩ አንድ የማይወራለት ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ራቭ ፎሬ እንጦጦ ላይ ስታቃስት ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ጉልበቱ ያው ነው። አንዴ የነዳ ሰው ሌላውን ሁሉ የሚረሳው በዚህ ነው።

አሁን ሁለቱን ኤሌክትሪኮች እናወዳድር። እዚህ የምናያቸው አይዲ ፎሮች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው፣ «ኤክስ» እና «ክሮዝ»። የተሠሩት በተለያየ ፋብሪካ ነው፣ ፓራውልታቸውም አይገጥምም። መለዋወጫ ስትፈልጉ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ትዞራላችሁ። አይዲ ፎር የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ መሪው ቀላል ነው፣ ጠባብ መንገድ ላይ ይታጠፍላችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለመንዳት የሚያስደስተኝ እሱ ነው። የኋላው ፍሬን ግን ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው፤ ብዙ ሰው ሲሰማ ይገረማል። ስሙን ሰምተው የድሮዋ ቮልስ ዘመድ አድርገው የሚያከብሩትም አሉ። ያቺን ማንም መካኒክ በመፍቻ ያስነሳታል፣ ይሄኛው ኮምፒውተር ይጠይቃል።

ሶንግ ፕላስ በፊት ጎማ ይሄዳል፣ ረዘም ይላል፣ የኋላ ወንበሩ ሰፊ ነው። በእኔ ዓይን ሚዛኑን የሚደፋው ባትሪው ነው። ቢዋይዲ «ብሌድ» የሚለው የብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ 100 በመቶ ቢሞላም ያን ያህል አይጎዳም። የአይዲ ፎሩ ኒኬል ያለበት ስለሆነ ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ማቆም ይመከራል። ስለዚህ በየቀኑ የምትጠቀሙበት መጠን በወረቀት ላይ ከሚታየው ያንሳል። ሌላው፣ ሶንግ ፕላስ ከባትሪው መልሶ ለቤት ዕቃ መብራት መስጠት ይችላል፤ ለዚህ የሚሆነውን ገመድ ግን ከሻጩ ጠይቁ። መብራት በጠፋ ምሽት ፍሪጅና ቴሌቪዥን ማብራት ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የሚሽከረከረው ስክሪን ግን የልጆች መጫወቻ ነው።

ሁለቱም ከራቭ ፎር ዝቅ ይላሉ። ባትሪው ደግሞ ከሆዳቸው ስር ነው። የሰፈራችሁ መንገድ ኮረኮንች ከሆነ፣ ድንጋይ የመታው ሆድ ጎሚስታ ቤት የሚቃና ነገር አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸውና። ግቢና የራሱ ቆጣሪ ኖሮት ከተማ ውስጥ ብዙ የሚነዳ ይቀይር፤ ሲቀይርም ሶንግ ፕላስን ይውሰድ። እኔ ባለ 4ኛ ፎቁ፣ በየዓመቱ ደጀንን የማልፈው፣ ራቭ ፎሬን አልሰጥም።

የምትቀይሩ ከሆነ የመጀመሪያው ነገር የቅያሪውን ወሬ መደበቅ ነው። ገብታችሁ «በካሽ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከታወቀ በኋላ አሮጌዋን አምጡ። አለበለዚያ ራቭ ፎሯን በ200,000 ብር አስወድደው አዲሱን በ400,000 ያንሩባችኋል፣ እናንተም በደስታ ትፈርማላችሁ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ፈጣን ቻርጀር ጋ ውሰዱትና ከ20 እስከ 80 በመቶ ሙሉት። ባለ 71.7 ኪሎዋት ሰዓቱ ሶንግ ፕላስ ጤነኛ ከሆነ ማሽኑ ያስገባሁት ብሎ 43 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት አለበት። 35 ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ከዚያ ሊብሬው ላይ ያለውን ሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ አጣሩ፣ ውልና ማስረጃ ሳትሄዱ የራቭ ፎሯን ቁልፍ አትስጡ። ቻርጀሩንና ሁለተኛውን ቁልፍ ደግሞ በእጃችሁ ተቀበሉ። «ነገ ይዤላችሁ እመጣለሁ» የተባለ ቻርጀር ሲመጣ አላየሁም።