ባለ 80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ጋል ለተባለው የውሃ ወፍ ቆጠራ ይሆናል?

ቴሌስኮፑ ከ20 እስከ 60 እጥፍ ያቀርባል፤ የዓይን ሌንሱ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ የዋለበት ዋና ሥራ ሄውግሊን ጋልን መቁጠር ነበር። ይህ ጀርባው ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነ ትልቅ የውሃ ወፍ የሚራባው በሩሲያ አርክቲክ ቱንድራ፣ ማለትም ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ ነው፤ ቅዝቃዜውን ሽሽት ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። ስሙም በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችንን ከጎበኘው ጀርመናዊ ቴዎዶር ፎን ሄውግሊን የተወሰደ ነው። ቱንድራው ሰፊና ሩቅ ስለሆነ፣ ወፉ መብዛት ማነሱን ለማወቅ እዚህ የሚደረገው የጥር ቆጠራ ዋጋው ትልቅ ነው።

ለቆጠራ 60 እጥፉን ይተዉት። 80ን ለ60 ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ምስሉ ይጨልማል። እይታውም ስለሚጠብ የቆጠሩት የት እንዳበቃ ይጠፋዎታል፤ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ፣ ሌላውን ይዘላሉ። በ20 እጥፍ ይቁጠሩ፤ የእግር ቀለም ወይም እግሩ ላይ የታሰረ መለያ ቀለበት ለማየት ብቻ ወደ 40 ከፍ ያድርጉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከሐይቅ ዳር የሚነሳው ሙቅ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያንን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይጨርሱ።

በዓመታት መካከል ማወዳደር የሚቻለው ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪው ብዛትና መሣሪያው ካልተቀያየሩ ነው። ከባይኖኩላር ወደ ቴሌስኮፕ ሲዞሩ ወፉ ሳይጨምር ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሩቅ ያሉት አሁን ይታያሉና። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያንኑ መንጋ በሁለቱም ቆጥረው ሁለቱንም ቁጥሮች ይመዝግቡ። ዝርያቸው ያልተለየ ትልልቅ ጋሎችም የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ግምት ከተረጋገጠው ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ተመልሶ አይለይም።

አብሮ የመጣው ቀላል ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በነፋስ ይንቀጠቀጣል። መካከለኛውን ዘንግ ሳያወጡ ቦርሳ ቢያንጠለጥሉበት ይሻላል። ከዚህ የባሰው ግን የአዲስ አበባ ክረምት ነው። እርጥብ በሆኑ አሮጌ ቤቶች፣ በጨርቅ ማህደሩ እንደታሸገ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ከማህደሩ አውጥተው፣ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት። ቢሻግትም ለካሜራ ጠጋኝ ሁሉ አይስጡ፤ ከተከፈተ ውስጡ የተሞላው ናይትሮጅን ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከውስጥ በኩል ላብ ይይዘዋል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀን ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን መስቀል ከሰማዩ አንጻር በ60 እጥፍ ይመልከት። ዳሩ ላይ ወፍራም ሐምራዊ ጥላ ካየ ሌላ ይምረጥ፤ ነጭ ወፍ በሚያብረቀርቅ ውሃ ላይም እንደዚያው ይታየዋል።