ያሪስ 1.0 በክረምት መንገድ፦ ከለገጣፎ ደሴ፣ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ናት፤ የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ 1.0 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል፣ ከአውሮፓ የገባች። በ14 ወር ውስጥ 19,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። በአዘቦቱ ቀን ለገጣፎ ውስጥ በኮብልስቶንና በመረሬ ጭቃ ትመላለሳለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ሦስት ጊዜ ደሴ ደርሳ ተመልሳለች፤ ሁለቱን ጊዜ አራት ሰውና ሙሉ ዕቃ ጭና።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ሞተሩ ዳገቱን ይወጣል ወይ ብሎ ነው። ይወጣል። ክረምት ላይ ይህችን መኪና የሚፈትናት መውጣቱ አይደለም። መስታወቷ ጉም ሲለብስ፣ ፍሬኗ ሲግል፣ ጎማዋ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ራዲያተሯ ውሃ ሲያጎድል ነው ጣጣው የሚመጣው። አራቱ ከተስተካከሉ ያለ ጭንቀት ታደርሳለች። ካልተስተካከሉ ግን 1.5 ሞተር ቢሆንም አያድንም።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የያሪሷ የወረቀት ጉልበት 69 የፈረስ ጉልበት ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጣርማበር የሚቀረው ወደ 50 ነው። ስለዚህ ሰው ከጫነች 4ኛ ማርሽ ዳገት ላይ አይዝም። ብዙ ሾፌር እዚህ ይሳሳታል፤ 4ኛ ላይ እንዳለ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ሞተሩ በ2,000 ዙር ይንገጫገጫል፣ ይግላል፣ ነዳጅም ይበላል። የዚህ ሞተር ትልቁ የመሳብ አቅም 3,600 ዙር ላይ ነው። ቀድሞ 3ኛ ማስገባትና ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር ማቆየት ነው የሚሻለው። ባለ 3 ሲሊንደር ስለሆነ ድምፁ ያጓራል፤ አያስደነግጥ፣ አይጎዳውም። አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ለመቅደም ሲታሰብ መጀመሪያ ኤሲው ይጠፋል፣ 3ኛ ይገባል፣ ከዚያ ነው መውጣት። ኤሲው የሚወስደው ጉልበት ትልቅ መኪና ላይ አይታወቅም፣ እዚህ ግን በግልጽ ይታወቃል።

ነዳጅ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰው ይዛ በሊትር ከ17 እስከ 18 ትሄዳለች፤ አራት ሰውና ዕቃ ሲኖር 15 ወይም 16። ታንከሩ 42 ሊትር ይይዛል፣ ከለገጣፎ ደሴ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ አድርሶ ይተርፋል። ሆኖም ደብረ ብርሃን ላይ መጨመር ይመረጣል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ፣ ዝናብ መብራትና ኔትወርክ ይዞ በሄደበት ቀን ማደያው ነዳጅ እያለው ሰው ተሰልፎ ይቆማል። የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ማደያ መድረስ አያዋጣም።

አሁን ወደ መስታወቱ። አራት ሰው እርጥብ ጃኬቱን ለብሶ ትንሽ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ሰንዳፋ ሳይደረስ መስታወቱ ይታፈናል። በጨርቅ መጥረግ ቅባቱን ያሰራጨዋል እንጂ አያጠራውም፤ ማታ የመኪና መብራት ሲመጣ ይባስ ያብለጨልጫል። ትክክለኛው መንገድ ኤሲ ማብራት፣ ሙቀቱን መጨመር፣ ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት ማዞርና አየሩን ከውጭ እንዲገባ ማድረግ ነው። ኤሲ በብርድ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ኤሲው አየሩን ያደርቃል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መስታወቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል። አየሩን የመኪናው ውስጥ ብቻ የሚያዞረው ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ግን ምንም ቢደረግ አይጠራም፤ የሚዞረው የሰው ትንፋሽ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ንፋሱ ደካማ ከሆነ ችግሩ የውስጥ አየር ማጣሪያው ነው። ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ይገኛል። ሳጥኑን ባዶ አድርጎ፣ ሁለቱን ጎኖቹን ወደ ውስጥ ጨምቆ ወደ ታች ማውረድ፣ ከዚያ የማጣሪያውን ክዳን ከጎንና ከጎን ተጭኖ መሳብ ነው። መፍቻ አያስፈልግም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የበጋውን የለገጣፎ አቧራ የጠጣ ማጣሪያ ሲወጣ ከነጭነቱ ምንም አይቀረውም። እጥፋቶቹ በደቀቀ ቡናማ አፈር ተሞልተው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስብርባሪ በመሃላቸው ተሰክቶ፣ በእጅ ሲመዝኑት ከአዲሱ ይከብዳል። በአየር ማራገፍ ለጊዜው ይረዳል፤ ሰኔ ሳይገባ መለወጡ ግን ርካሽ ነው። የዝናብ መጥረጊያውም በዚያው ወር ይታያል። የግራና የቀኙ ርዝመት የተለያየ ስለሆነ ለክቶ መግዛት ነው፤ ሁለቱን እኩል የገዛ ሰው ወይ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል ወይ ያልተጠረገ መስታወት ይተርፈዋል።

ጣርማበር ላይ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር አፋፉን ሲመታ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮፈኑ ጫፍ ወዲያ የማይታይበት ሰዓት አለ። ረጅም መብራት እዚያ ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፤ አጭር መብራት ብቻ። ከአውሮፓ የመጣችው ያሪስ የኋላ ጉም መብራት አላት፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚበራው፣ አሠራሩ ነው። ሌላው ተቃጥሏል ተብሎ የተነገረው ብዙ ነው። ጉሙ ሲያልፍ ማጥፋት ግድ ነው፤ ከኋላ ያለውን ሾፌር ያሳውራል፣ የፍሬን መብራቱንም ይሸፍናል። አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ፍሬቻው ሁሉ ሲበራ ወደየት እንደሚታጠፉ ማሳየት አይቻልም፣ የቆመ መኪናና የሚሄድ መኪናም አይለይም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መብራቱ አፉ ላይ ሳይደርሱ ይብራ፤ ከጉም ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ ተሳቢ ሊመጣ ይችላል።

ከዋሻው በኋላ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት 1,900 ሜትር ያህል ይወረዳል፤ ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህ መንገድ ፍሬን የሚያቃጥለው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርድ ሾፌር ነው። ስሌቱም የተሳሳተ ነው፤ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፣ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨቱን ይቀጥላል። 1.0 ሞተር የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ለትልቅ መኪና 3ኛ የሚበቃበት ቁልቁለት ለያሪሷ 2ኛ ይፈልጋል። ፍሬን ደህና አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ነው። እግርን አሳርፎ መውረድ የፊቱን ዲስክና ሸራ ያግላል፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ውሃ የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል። በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር ያስፈልጋል። መካኒኩ ከላይ ጨምሮበት ከሸኛችሁ አልተቀየረም፤ በየጎማው በኩል አሮጌው መፍሰስ አለበት።

የኋላው ፍሬን ታምቡር ነው። ጭቃና ውሃ ውስጥ ውላ ከመጣች የእጅ ፍሬን ይዞ ማሳደር አያስፈልግም፤ ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቅና ጠዋት ጎማው አይዞርም። 1ኛ ማርሽ አስገብቶ ድንጋይ ማስደገፍ ይበቃል።

የዚህች መኪና ትልቁ ጉድለት ዳሽቦርዱ ላይ ነው። የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ትሰጣለች፣ ቀዩ ሲበራ ደግሞ ረፍዷል። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት የሚሰካና ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መመርመሪያ አለ፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ከሬዲዮ በፊት ሊገዛ የሚገባው እሱ ነው። ዙሩንም የሞተሩን ውሃ ሙቀትም ያሳያል። በደህና ቀን ቁጥሩ ከ85 እስከ 97 ዲግሪ ይመላለሳል። ዳገት ላይ 100 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ኤሲ ማጥፋት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ መክፈት፣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆም ነው።

የራዲያተር ክዳን በዚህ ከፍታ ከሌላው አገር ይልቅ ዋጋ አለው። ጣርማበር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሞተሩ ደግሞ በተፈጥሮው የሚሠራው ከዚያ ባላነሰ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን አዋሽ ላይ ሳይታወቅበት ቆይቶ ጣርማበር ላይ ያፈላል። የጋለ ክዳን በፍጹም አይከፈትም። የወንዝ ውሃ አይጨመርም፤ ቀዩ የራዲያተር ፈሳሽ (ኩላንት) ከተጣራ ውሃ ጋር ተበጥብጦ 2 ሊትር ኋላ ይቀመጥ።

የውሃ ፓምፑ የዚህ ሞተር የታወቀ ድካም ነው። በ14,000 ኪሎ ሜትር ተለውጧል። ምልክቱ ሦስት ነው፦ በማጠራቀሚያው ውሃ መጉደል፣ በፓምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ዱቄት፣ ጠዋት ሲነሳ ከቺንጋው በኩል የሚሰማ የማፋጨት ድምፅ። የሞተሩ ውስጥ ሰንሰለት ስለሆነና ፓምፑ በውጭ ቺንጋ ስለሚዞር ሥራው ሞተር መክፈት አይጠይቅም። ከፓምፑ ጋር ቺንጋውን አብሮ መቀየር ነው፤ ያው ይፈታል።

ጎማዋ 175/65 ባለ 14 ነው። በክረምት ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከሸዋ ሮቢት በኋላ ባለው ሜዳ፣ ዝናብ አስፋልቱ ላይ በተኛበት ቦታ፣ መሪው ድንገት ይቀላል፤ ጎማው አስፋልት ሳይሆን ውሃ ላይ ነው ያለው። ያኔ ፍሬን አይረገጥም፣ መሪ አይዞርም፣ ነዳጅ ብቻ ይለቀቃል። ጥርሱን ለመለካት የክብሪት እንጨት ላይ 3 ሚሊ ሜትር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ መሃለኛው ቦይ ውስጥ መክተት ነው፤ ምልክቱ ከላይ ከታየ ለክረምት አልፎበታል። ጎን ላይ ያለው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ይናገራል፤ 2323 ማለት በአውሮፓውያን 2023 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው። ጎሚስታ ለረጅም መንገድ ብሎ 40 ፒኤስአይ ሲሞላ እሺ አትበሉ። በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው ልኩ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው፣ በዝናብ ይንሸራተታል። ለገጣፎ ጠዋት በቀዝቃዛው ይለካ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ጎድሎ ቢታይ የውጭው አየር ስለከበደ ነው፣ አይጨመር።

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው የሐረጎ ዳገት ለፍሪሲዮን ክፉ ነው። ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ መጠምዘዣ ላይ መኪናዋን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ከ100 ኪሎ ሜትር መንዳት ይበልጥ ይበላዋል። የእጅ ፍሬን ይዞ መቆም፣ ፊት ያለው ሦስት አራት ሜትር ሲርቅ አንዴ መነሳት ነው። ዙሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ከመንገድ በፊት ይቀየር።

ጎርፍ ላይ ሕጉ አጭር ነው። የሚፈስ ውሃ ከሆነ ጥልቀቱ ሳይታወቅ አይገባም፤ 30 ሳንቲ ሜትር ጎርፍ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። የቆመ ውሃ ከጎማው ግማሽ በታች ከሆነ በ1ኛ ማርሽ፣ በማይቋረጥ ዙር ይታለፋል፣ ከዚያ ወዲያ ታምቡሩ እስኪደርቅ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ መነካካት ነው።

ምቾቷ ለፊት ሁለት ሰው ጥሩ ነው፤ ከኋላ ለሁለት ይሆናል፣ ለሦስት ደሴ ድረስ አይሆንም። የዕቃ ቦታዋ ጠባብ ነው። አራት ሰው ጭኖ ሁለት ኩንታል ጤፍ መጨመር የኋላውን ያስቀምጣታል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል፤ በዳሽቦርዱ ያለው የመብራት ማውረጃ ቁልፍ ለዚህ ነው።

በ14 ወር ከፓምፑ ሌላ የተለወጠው የፊት ፍሬን ሸራ፣ ሁለቱ የስታብላይዘር ሊንክ (ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ የሚለው እሱ ነው)፣ አንድ የኋላ ጎማ ኩሽኔታና ሁለት አምፖል ነው። ሞተር ዘይቱ ወደ 3 ሊትር ነው፣ በየ5,000 ከነፊልትሮው ይወጣል። መለዋወጫው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሞልቷል፣ አዲሱም አሮጌውም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን መንከባከብ እንጂ መለወጥ ቀላል ስላልሆነ፣ ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ትውልድ ያሪስ ሞልቲሞድ የሚባለውን፣ ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለውን ግን ውስጡ ፍሪሲዮን ያለውን ካምቢዮ ተዉት። በዳገት ሰልፍ ላይ የሚቸገረው እሱ ነው፣ የሚጠግነውም ጥቂት ነው።

ከመንገድ ሲመለሱ ሥሯ ይታጠብ። መረሬው በጎማው ሽፋን ውስጥና በቸርኬው ጀርባ ከደረቀ በ80 ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም ለባላንስ ገንዘብ ይከፍላል። መጀመሪያ ቸርኬው ከውስጥ በኩል በውሃና በብሩሽ ይፈተግ፤ ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጡ ከጭቃው ጋር ይሄዳል።